የቸርኬው ጀርባ

ጋሽ ቀስታ ቸርኬ ሲስም ያየሁት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ከአባቴ ጋራዥ ጓሮ፣ በሸራ በተጋረደችው የቀለም ክፍል ውስጥ፣ አራት ቸርኬዎች በእንጨት ርብራብ ላይ ተኝተዋል። እሱ ተንበረከከና ፊቱን ወደ አንደኛው አስጠጋ። አፍንጫው ብረቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየት ብሎ ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ አራተኛው። እኔ በሸራው ቀዳዳ እያየሁት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «እየተሰናበታቸው ነው» አልኩ በልቤ።

ዛሬ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ጋሽ ቀስታ ያን ጠዋት ቸርኬ እየሳመ እንዳልነበረ ካወቅሁ ግን ገና አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

አባቴ የመኪና ቸርኬ፣ ጎማው የሚገጠምበትን ክብ ብረት፣ ይጠግን ነበር። ጉድጓድ ያጣመመውን ያቃናል፤ የመንገድ ጠርዝ የፋቀውን ይሞላል። ጋራዡ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ብረቱን የሚያቃናው አባቴ፣ ጎማ የሚፈታና የሚገጥመው ጎሚስታ፣ ቀለም የሚቀባው ጋሽ ቀስታ። እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው። ሰው ሲቸኩል ባየ ቁጥር «ቀስታ፣ ቀስታ» ስለሚል ስሙ እዚያው ላይ ቀረ። ደንበኞች ሳይቀሩ «ጋሽ ቀስታ አሉ?» እያሉ ነበር የሚመጡት።

አባቴ ደግሞ ለጉድ የፈጠረው ችኩል ነው። ሻይ እስኪበርድለት መታገሥ አይችልም፤ ምላሱ እንደተቃጠለ ነው የኖረው። ሁለቱ እንዴት ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው እንደሠሩ እስካሁን ይገርመኛል።

ጋሽ ቀስታ ሥራው ሥርዓት ነበረው። ቸርኬውን በውኃ እያራሰ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ግራጫውን መነሻ ቀለም ይቀባና ሲደርቅ ደግሞ ይፈገፍጋል። በመጨረሻ ንጹሕ ጨርቅ ቲነር ነክሮ፣ የጨቅላ ፊት እንደሚያብስ ሰው፣ ጥጋጥጉን ሁሉ ይጠርገዋል። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ከተጣለ መኪና የተነቀለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁርሱን ይበላል። ዳቦና አንድ የተቀቀለ እንቁላል። በባዶ ሆዱ ከቀባ የቀለሙ ሽታ ራሱን ያዞረዋል። «ብረቱም ይረፍ፣ እኔም ልረፍ» ይላል። ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ እንቁላሉን ብቻ አሥር ደቂቃ ይልጠዋል።

ያቺ ግማሽ ሰዓት የኔ ነበረች።

ትምህርቴ ከሰዓት በኋላ ስለነበር እናቴ ጠዋት ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስትሄድ ጋራዡ በር ላይ ጥላኝ ታልፋለች። እናቴ፣ እኔ ስታመም፣ ግንባሬ ላይ መዳፏን አሳርፋ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች የምትጸልይ ሴት ነች። ትኩሳቱ ይለቀኝ ነበር። እኔም ጸሎት የሚሠራው በመዳፍ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

አንድ ቀን ጎሚስታው ለአንድ ጉረኛ ሾፌር፣ «መሪ ስለጨበጥክ ነጂው አንተ የሆንክ ይመስልሃል፤ ተሸክሞህ የሚሄደው ይሄ ነው» ብሎ ቸርኬውን በቡጢ ደለቀው። ያ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ቀስታ እንቁላሉን ሲልጥ እኔ ሸራውን ገልጬ እገባና ሁለቱን መዳፎቼን ቸርኬው ፊት ላይ አሳርፋለሁ። «ፈጣሪዬ፣ ይቺን ቸርኬ በሰላም ወደ ቤቷ መልሳት።» አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየኝ እንዲህ አደረግሁ። የደረሰም ጉዳት አልነበረም።

ከዚያ ፀጉሬ መነቃቀል ጀመረ። አክስቴ በአረንጓዴ ቆርቆሮ ቅባት አመጣችልኝ፤ ሽታው ያልበሰለ ሎሚ ከሳሙና ጋር የተፈጨ የሚመስል። እናቴ ጠዋት ጠዋት በሱ ታሸኝና፣ «እጅሽን አምጪ፤ የተረፈው ለሱ ይሁን። እንደ እንሽላሊት ደርቋል እኮ» ትለኛለች። ያቺን ቆርቆሮ ልብ በሉልኝ።

በዚያው ሰሞን ቸርኬዎቹ ላይ በሽታ ወጣ።

በሽታ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀለሙ እንደተቀባ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ይወጡበታል፤ በያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ግራጫው መነሻ ቀለም ያፈጣል። ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ይላጥ ጀመር። የጎሚስታው ፊት በልጅነቱ ፈንጣጣ በሳስቶት ስለነበር፣ ለኔ የቸርኬዎቹም በሽታ ያው ፈንጣጣ ነበር።

አባቴ ቀለሙን በአየር የሚገፋውን ኮምፕረሰር ፈታ፤ ውኃ ይዞ ይሆናል ብሎ አደረቀው። ቱቦውን ቀየረ። ቀለሙን ቀየረ። ጋሽ ቀስታም ጨርቁን ቀየረ፣ የመርጫውን አፍንጫ በመርፌ ጠረገ፣ ምንም። እኔም የበኩሌን አደረግሁ። መዳፌን ድሮ ከማሳርፈው የበለጠ አቆየሁት። ጣቶቼንም ከመሃሉ ወደ ጠርዙ በተዘረጋው በየአንዳንዱ ክንድ ላይ እያንሸራተትኩ፣ «ፈጣሪዬ፣ ይቺን ቸርኬ ማራት» አልኩ። በባሰ ቁጥር ጸሎቱን ጨመርኩ። ጸሎቱ በጨመረ ቁጥር ባሰ።

ትልቋ ደንበኛችን የመንጃ ትምህርት ቤት ባለቤት ነበረች። ተማሪዎቿ መኪና ማቆም ሲለማመዱ ቸርኬውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ስለሚያፋትጉት ዓመቱን ሙሉ ሥራ አታሳጣንም። ቀኑን ሙሉ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» እያለች ስለምትጮህ ጎሚስታው እትዬ ፍሬን ብሏት ነበር፤ ፊት ለፊቷ ግን እትዬ ብቻ ናት። ማክሰኞ ዕለት መጥታ አንድ ቸርኬ ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ቸርኬ ነው ወይስ ወንፊት?»

«እትዬ፣ ምናልባት በፍጥነት ሲነዱ ጠጠር መትቶት…» አለ አባቴ።

«ፍጥነት? የኔ ተማሪዎች እኮ ሲነዱ እግረኛ ሰላም ብሏቸው ያልፋል! የምን ፍጥነት?»

ጎሚስታው ጣልቃ ገባ። «እኔን ነው የመሰለው እትዬ። ቁንጅና ነው።»

«አንተ ዝም በል። እሱንስ ይኸው መለስኩ፤ አንተን ለማን ልመልስህ?» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «ልጄ፣ ስማኝ። አራት ቸርኬ ትቼልህ እሄዳለሁ። ዓርብ እመጣለሁ። እነሱም እንዲህ ከሆኑ ሥራዬን ሁሉ ማዶ ላለው ጋራዥ ነው የምሰጠው። አትቀየመኝ።»

በማግስቱ የጎማ ቁልል ጀርባ ተቀምጬ አባቴና ጎሚስታው ሲያወሩ ሰማሁ።

«እጁ ከድቶታል» አለ አባቴ። «ዓይኑም ደክሟል። ከኔ አይደበቅም።»

«አብራችሁ እኮ አረጃችሁ» አለ ጎሚስታው። ለቀልድ አልነበረም።

«መቼ ጠፋኝ? ጓደኛዬ ነው። ግን እሷ ከሄደች ጋራዡን መዝጋቴ ነው። ዓርብ ካላማረ አዲስ ቀለም ቀቢ ላስገባ ነው፤ አነጋግሬዋለሁ።»

«እና ማን ይነግረዋል?»

«ማን ይነግርልኛል? እኔው ነኛ።»

ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የጋሽ ቀስታ እጅ ታሟል፤ ካልዳነ ዓርብ ይሄዳል። ጋሽ ቀስታ ደግሞ ከዳቦው ሁልጊዜ ቁራሹን የሚያስቀርልኝ፣ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ ፊደል እንድጽፍ የሚፈቅድልኝ፣ «እመቤቴ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ነበር። ሌላ ሰው እመቤቴ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ፀጉሬን ስትቀባ፣ «እጄ ላይ ጨምሪልኝ» አልኳት።

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ደርቋል።»

ሄድኩ። ጋሽ ቀስታ አራቱን ቸርኬዎች ጠርጎ ወደ ቁርሱ ሲወጣ ገባሁ። እንደዚያ ቀን ጸልዬ አላውቅም። አንድም ክንድ፣ አንድም ጠርዝ አልቀረኝም። «ፈጣሪዬ፣ የጋሼን እጅ አድንልኝ፤ ሌላ ነገር አልጠይቅህም» አልኩ። ብስክሌት ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ወጥቼ ከሸራው ጀርባ ቆምኩ። እሱ ተመልሶ መርጫውን አነሳ። ከዚያ አስቀመጠው። አየሩን እንደሚያዳምጥ ሰው ቀጥ አለ። ተንበረከከ፣ ፊቱንም ወደ ቸርኬው አስጠጋ። ያን ጊዜ ነው ሲስማቸው ያየሁት።

እያሸተተ ነበር።

አራቱንም ከጨረሰ በኋላ ሳይዞር፣ «ማነው እዛ?» አለ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ነይ እስቲ እመቤቴ።»

ገባሁ። ጎንበስ ብሎ አናቴ ላይ አፍንጫውን አሳረፈ። እኔንም የሚሰናበተኝ መሰለኝ። መዳፌን ይዞ ወደ ብርሃኑ ዘረጋው፤ ያብረቀርቃል።

«እናትሽ ምን ቀባችሽ?»

«የአክስቴን ቅባት። ይሸታል?»

«ደስ ይላል። እዚህ ምን ስታደርጊ ነበር?»

አለቀስኩ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ መዳፉ፣ ስለ ቸርኬዎቹ በሽታ፣ አባቴ እጁ ከድቶታል ማለቱን፣ ዓርብን። ጋሽ ቀስታ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። አልተንቀጠቀጡም። እንደ ድንጋይ ጸንተው ቆሙ።

«ዳነ!» አልኩ።

«አዎ» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «ዳነ መሰለኝ።»

ያንን ድምፅ ያኔ የደስታ ነው ብዬ ነበር። ሰውዬው ወር ሙሉ ማታ ማታ እጁን ዘርግቶ «ከዳኸኝ ወይ?» ሲል እንደከረመ ያወቅሁት ኋላ ነው።

«እመቤቴ» አለ ቀጥሎ፣ «ጸሎትሽ ጥሩ ነው። ቦታው ነው ትንሽ ሳት ያለው።» አንዱን ቸርኬ አንስቶ ገለበጠው። «ፊቱን ሰው ነው የሚያየው። ጀርባውን ግን ከላይ ካለው በቀር ማንም አያየውም። ስለዚህ ጸሎት እዚህ ነው የሚደረገው።»

«ከኋላ?»

«ከኋላ። ደግሞ መጀመሪያ እጅ ይታጠባል።»

በልብስ ሳሙና ሦስት ጊዜ አሳጠበኝ። ሦስተኛው ላይ መዳፌን አሽትቶ «ይበቃል» አለ። ከዚያ አራቱንም ቸርኬዎች እንደገና ፈገፈገ፣ እንደገና ጠረገ። በዚያ ቀን ግን ከአጠገባቸው አልተነቃነቀም። እኔ በየተራ ጀርባቸውን ዳሰስኩ። እሱ መርጫውን አንስቶ ቀባ። ብርማው ጉም በሸራው ቀዳዳ የገባው የፀሐይ ዘንግ ውስጥ እየዋኘ ወረደ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። አንድም ጉድጓድ አልወጣም። ቀለሙ ሳፋ ውስጥ እንደረጋ ውኃ ዝም አለ።

ዓርብ እትዬ ፍሬን መነጽሯን አውልቃ አየች፤ መልሳ አድርጋ አየች። በጥፍሯ ጠርዙን ቧጠጠች። በመጨረሻ፣ «እንዲህ ነዋ! ከዚህ በኋላ ጠርዝ የነካ ተማሪ የነካውን መንገድ ነው የማስልሰው» ብላ ቸርኬዎቿን አስጭና ሄደች።

አባቴ ከደስታው ብዛት ትኩስ ሻይ ጨለጠ። ከዚያ፣ «ለመሆኑ ምን ነበር ችግሩ?» አለ።

ጋሽ ቀስታ ዞር ብሎ አየኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ሳልጠርግ ነበር የምቀባው።»

«ምን?»

«ሰነፍኩ። ዕድሜ ይሆናል።»

«ሃያ ዓመት ቀስታ ቀስታ እያልክ አድርቀኸኝ፣ መጨረሻ ላይ ጨርቅ ማንሳት አቃተህ? እኔ እዚህ ኮምፕረሰር ስፈታ ስገጥም!»

«እውነትህን ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ አባቴ ወደ ጎሚስታው እየጠቆመ፣ «እሱ ሲጠረግ ሳያይ አንድ ቸርኬ አይቀባም!»

ጎሚስታው የጋሽ ቀስታ ልጅ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ጋሽ ቀስታ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ።

እኔ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ታዘብኩት። የሚጠርግ ይመስለኝ የነበረው ለካ አይጠርግም ነበር! ግን ጥፋቱን አምኗል፣ እጁም ድኗል፤ እኔም በልቤ ይቅር አልኩት። በዘጠኝ ዓመቴ በልግስናዬ ብዛት ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጎሚስታው የቀለም ክፍሉን ሸራ በገለጠ ቁጥር፣ «ጋሽ ቀስታ፣ ጠርገሃል?» ይል ጀመር። ሳቅ። ደንበኞችም ለመዱት። እኔም ለመድኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ «ጋሼ፣ ጠርገሃል?» እለዋለሁ። «ጠርጌያለሁ እመቤቴ» ይለኛል፤ ፊቱ ላይ ምንም ነገር የለም። ጡረታ እስከወጣበት ቀን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እንዲህ አልኩት።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። በዚያው ዓርብ ማታ እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ፣ ጋሽ ቀስታ በሩ ላይ አቁሞ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት፤ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን የምትቀባኝ ማታ ብቻ ሆነ፤ ጠዋት ራሴን በሻሽ ታስርልኛለች። «ለምን?» ስላት «አቧራ ነው» አለችኝ። አምኛት ኖርኩ።

አባቴ ሲደክም ጋራዡን እኔ ተረከብኩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቸርኬዎቻችን እንደገና ጉድጓድ ያወጡ ጀመር። ቀለም ቀቢዬ ጎበዝ ሴት ናት፤ ሲጨንቀን አንዱን ቸርኬ ይዤ ቀለም ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ጉድጓዶቹን እንኳ በቅጡ አላያቸውም።

«ከሠራተኞችሽ ፀጉሩን ወይ እጁን የሚቀባ አለ?» አለኝ።

«ምነው?»

«ቀለም ቅባት ከነካው ቦታ ይሸሻል። የተቀባ ጣት አንዴ ካረፈበት በቂ ነው። የጣቱን ቅርጽ ይዞ ነው የሚበሳሳው፤ ልብ ብለሽ ካየሽ የማን እጅ እንደሆነ ሁሉ ትለይዋለሽ። ልጅ ከሆነ ልጅ፣ አዋቂ ከሆነ አዋቂ።»

ሱቁ ውስጥ ቆሜ የዚያች አረንጓዴ ቆርቆሮ ሽታ መጣብኝ። ያልበሰለ ሎሚ ከሳሙና ጋር። ቸርኬውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ጋሽ ቀስታ ሰማንያ ሊሞላው ነበር። ሴት ልጁ ቤት፣ መስኮት አጠገብ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዓይኑ አሁን በእውነት ሄዷል፤ እጁም በእውነት ይንቀጠቀጣል። ከመግባቴ በፊት ልጁን ሳሙና ጠይቄ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እመቤቴ!»

እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። «አወቅሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቅባቱን።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ለምን አልነገርካቸውም? አንተ እኮ ትጠርግ ነበር። በዓይኔ አይቼሃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሳቅብህ… እኔም ስስቅብህ።»

«አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ጋራዡን ዳግመኛ አትረግጪውም ነበር» አለ። ከዚያም ወደኔ ዞሮ፣ «እሱስ ይሁን። አንዲት ሕፃን ስለኔ ወደ ፈጣሪ እጇን ዘርግታ፣ ‹ያበላሸው ያ እጅሽ ነው› ልበላት? ከዚያ በኋላ እንዴት ብላ ትዘረጋዋለች?»

ዕድሜዬን ሙሉ፣ ብዙ ነገር በጎደለብኝ ጊዜ እንኳ፣ እጄን ለመዘርጋት አፍሬ አላውቅም። ያን ጸጋ ከራሴ ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ ሰው በገዛ ስሙ ገዝቶልኝ ኖሯል።

«እጅሽን አምጪ» አለኝ።

ሰጠሁት። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ አሁን ግን ሳመኝ አላልኩም። ቀስ ብሎ ሽታውን ሳበ፣ ቀስታ። ፊቱ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብቆት የኖረው ሳቅ ወጣ።

«ጠርገሻል?»

«ጠርጌያለሁ ጋሼ።»

«በይ እንግዲያው ጸልዪልኝ።»

እንባዬን በክንዴ ጠረግሁ፤ እጄ እንዳይረጥብ። «ከፊት ነው ከኋላ?» አልኩት።

ግንባሩን ወደ ድምፄ አዘነበለ።

«የፈለግሽበት ላይ አሳርፊው» አለ። «የኔ ቀለም ደርቋል።»